ወንዝ ዳር ያለው ቤዝመንት

ቅዳሜ ጠዋት በአሌክሳንድሪያ አውቶቡስ ውስጥ አንዲት እናትና አንድ ሽማግሌ ከኋላዬ ተቀምጠው ሲያወሩ ሰማሁ።

«ወንዙ ዳር ቤዝመንት አግኝተን ሁለት ቀን አደርንበት፣ ጋሼ። ዛሬ የኪራይ ሊዙን ልፈርም ነው።»

«ወንዙ ዳር? እዚያ ኮንስትራክሽን ሠርቻለሁ። ከተማዋን የቆረቆሩት ስደተኞች ውሃውን በአሮጌ መርከብና በአፈር ደፍነው ነው ቤት የሠሩበት። ስንቆፍር መርከቡን አገኘነው።»

«ታዲያ የበሰበሰ እንጨት ምን ያደርገኛል?»

«ለማንኛውም ጠበል አስረጪበት።»

«አስረጨሁ እኮ! ልጄ እንቅልፍ ያጣችው ከዚያ ወዲህ ነው።»

«ምን ሆንኩ ትላለች?»

«ከወለሉ ሥር ሰዎች ‹ደረስን ወይ?› እያሉ ይጠይቁኛል ትላለች።»

«እሷስ ምን ትመልሳለች?»

«‹ገና ነው› ትላቸዋለች።»

«በይ አትፈርሚ! አብራቸው መርከቡ ላይ ተሳፍራለች። ልጅቷን ይዘሽ ውጪ።»

መውረጃዬ ደርሶ አውቶቡሱ ቢቆምም፣ ከእግሬ ሥር እንደ መርከብ የሚወዛወዘው ወለል እስኪረጋ ድረስ ከወንበሬ አልተነሳሁም።