ሁለት ሰው የማያሳልፍ መንገድ

የቺልካፓታ መንደር የውሃ ዳኛ ዶን ኒካሲዮ፣ የዚያን ዕለት ጠዋት የመለኪያ ገመዳቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው የመስኖውን ቦይ ተከትለው ሲወጡ ሰው አገኛለሁ ብለው አላሰቡም። እኩለ ቀን ላይ መንደርተኛው ተሰብስቦ ጠማማው ቦይ በቀጥታ ቱቦ ይተካ እንደሆነ ይወስናል። ከሁሉ አብልጠው ቱቦውን የሚፈልጉት እሳቸው ናቸው። ልባቸው ግን ያልታረሰው ማሳቸው ላይ ነበር። ያላቸው በሬ አንድ ነው፤ መቀናጆው የወንድማቸው የፕሩደንሲዮ ነው፤ ከወንድማቸው ጋር ከተኳረፉ ደግሞ ዓመት አልፏል። ሁለቱ በሬዎች በየደጃቸው ቆመው ሲያመሰኩ የድንች መትከያው ወቅት እያለፈ ነው።

ቦዩ ገደሉን ታኮ ከሚታጠፍበት ሲደርሱ፣ ኩስኮ ከተማ ተምራ የተመለሰችው የፕሩደንሲዮ ልጅ ፍሎርሚራ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የበቆሎ ቆሎ ትቆረጥማለች።

“እንዴት አደሩ አጎቴ! ገመድ ይዘው ማንን ሊያስሩ ነው?”

“ይሄን ጠማማ ቦይ ነዋ! አንቺ የተማርሽ አይደለሽ? ነይ ጫፉን ያዥልኝ።”

ሌላ አገር ቢሆን ሽማግሌው ለልማዱ ሲሟገት ተማሪዋ ስለ ለውጥ በሰበከች። ቺልካፓታ ግን በዚህም ቢሆን እንደ ሌላው መሆን አትወድም።

“ውሃው የሚባክነው የት ነው?” አለች ፍሎርሚራ።

“ታች፣ አሸዋው ላይ። ግማሹን ይጠጣዋል።”

“እዚያ ቱቦ ይግባ፤ እኔም እቆፍራለሁ። እዚህ ግን ዓለት ነው፤ ጠብታ አይሰርግም።”

“እዚህ የሚባክነው ጊዜ ነው! ለቦይ ጠረጋ በወጣን ቁጥር ቦዩ ላይ ያለው ኩሬ ጋ ሲደርሱ ቁጭ፤ ጥላ አለ ይላሉ። ገደሉ ሥር ሲደርሱ ዋሽንት ይወጣል፤ ድምፅ ይመልሳል ይላሉ። ጠረጋ ነው ሠርግ?”

“ሜዳው ላይ ለምን አይነፉም?”

“ሜዳ ላይ ማን ይሰማል? ነፋስ ይወስደዋል።”

“ኩሬው ባይኖርስ ባለቤትዎን የት ያገኟት ነበር?”

ዶን ኒካሲዮ ሳቃቸው አመለጣቸው። “ልብስ ስታጥብ ውሃ ረጨችብኝ። ባለጌ ነበረች።” ወዲያው ግን ኮስተር አሉ። “ያ የድሮ ነው።”

“እሺ፣ የቅርቡን ልጠይቅ። ከአባቴ ጋር በውሃ ተራ በየዓመቱ ትጣሉ የለ?”

“በየዓመቱ! ተራ ሌባ ነዋ አባትሽ።”

“በየዓመቱስ የት ትታረቁ ነበር?”

ዶን ኒካሲዮ የቆሙበትን ጠባብ መንገድ አዩ። እዚሁ ጥግ ላይ ነበር። መንገዱ የአንድ እግር ስፋት ስላለው፣ የተገናኙ ሁለት ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው አንዱ ወደ ቦዩ ካልተንጋለለ አይተላለፉም። እጅ ተይዞ ደግሞ ዝም ማለት በቺልካፓታ ነውር ነው። አምና ግን ቱቦው ይመጣል ተብሎ፣ ያውም በእሳቸው አዝማችነት፣ ከላይ መኪና የሚያሳልፍ ቀጥ ያለ መንገድ ተጠረገ። በቦይ ጠረጋው ቀን ሰው ሁሉ በዚያ ሄደ።

“ሰፊ ነበር መንገዱ” አሉ ቀስ ብለው።

“በጣም ሰፊ። አሥር እርምጃ ተራርቃችሁ፣ እርስዎ ወደ ተራራው አባቴ ወደ ወንዙ እያያችሁ አለፋችሁ።”

ይህን ጊዜ ከጥጉ ወዲያ ሳል ተሰማ። ፕሩደንሲዮ የምሳ አገልግልና አካፋ ይዘው ብቅ አሉና ወንድማቸውን ሲያዩ ደርቀው ቀሩ።

“ተመለስ” አሉ ዶን ኒካሲዮ።

“አንተ ተመለስ። ቀድሜ የገባሁት እኔ ነኝ።”

“የውሃውንም ተራ እንዲሁ ነው የምትለው! አካፋህን አውርድ፣ ዓይኔን ልታወጣው ነው!”

“እንግዲያ እጄን ያዝ!”

ያዙ። መሐል ላይ አፍንጫ ለአፍንጫ ተገጣጥመው፣ ከሥራቸው ውሃው እየተንፎለፎለ ቆሙ።

“ከሳህ” አሉ ፕሩደንሲዮ።

“አንተ ወፍረሃል። አላሳልፍ ያለኝ ሆድህ ነው።”

“በሬህስ?”

“ቆሟል። ያንተስ?”

“እሱም ቆሟል።”

“ነገ በማለዳ አምጣዋ!”

ዶን ኒካሲዮ ከተሻገሩ በኋላ ወደ ልጅቷ ዞሩ። “አንቺ ነሽ ያመጣሽው!”

“ያስታረቃችሁ ጥጉ ነው አጎቴ። እኔ ምሳ ነው ያዘዝኩት።”

እኩለ ቀን ላይ የውሃ ዳኛው ስብሰባው ፊት ቆመው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። “ወገኖቼ፣ ቱቦው አሸዋው ላይ ይግባ፤ ውሃችን ይተርፋል። ኩሬው፣ ገደሉና ጥጉ ግን አይነኩ። ኩሬው ያጋባናል፣ ገደሉ ያዘፍነናል፣ ጥጉ ያስታርቀናል። እኔ ሃያ ዓመት በዳኝነት የሠራሁትን ሥራ ለካ አብዛኛውን የሠራው ጥጉ ነው።” መንደርተኛው ሳቀ፤ እጁንም አወጣ።

በማግስቱ ሁለቱ በሬዎች ተጠምደው ዋሉ። በዚያ ወቅት የታችኛው ማሳ ሳይቀር ውሃ ጠጣ፤ በጠረጋው ቀንም ዋሽንቱ ገደሉ ሥር ተነፋ። ሰፊው መንገድም አልጠፋም፤ ላልተጣሉ ሰዎች ተተወ።