ከአራሷ ደጅ የተመለሰችው አያት

ሰሊሃ ገና ልጅ ሳለች፣ በአሊዩ አምባ ገበያ ዳር ሁለት ሴቶች ስለ አንዲት ታማሚ ሲያወሩ ሰምታለች። ሴቶቹ እነማን እንደነበሩ ጠፍቶባታል፤ የወሬው መነሻም መድረሻም እንዲሁ። በጆሮዋ የቀረው «ከወገቧ በታች ነው ያመማት፤ እንግዲህ ሕፃን ባታቅፍ ይሻላል» የሚለው ብቻ ነው። አንዳንድ ቃል እንደ አረም ነው፤ ዘሪው ሳይታወቅ ይበቅላል።

ያ ቃል ዛሬ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ድረስ ተከትሏት መጣ። ሰሊሃ ለማኅፀን በር ካንሰር አዲስ አበባ የጨረር ሕክምና ጨርሳ ከተመለሰች ወራት አልፈዋል፤ ለክትትል ተመለሺ ብትባልም ፈርታ ቀርታለች። ዛሬ ከቆላው አሊዩ አምባ ወደ ደብረ ብርሃን የወጣችው፣ እዚህ የምትኖረው ልጇ ሌይላ ስለወለደች ነበር። ይሁንና ከአራሷ ደጅ ቆማ ቅቤውንና ማሩን አቀበለች፤ «እንኳን አላህ በሰላም ገላገለሽ» አለች፤ ልጅቷ ከውስጥ ሆና «እማ፣ ግቢና እያት እንጂ» ብትላት «መኪና ያመልጠኛል» ብላ ተመለሰች። አሁን የአንኮበርን መኪና ትጠብቃለች።

«ሰሊሃ! ይቺ ሰሊሃ አይደለችም እንዴ?»

ዘወር ስትል በሰለች ናት፤ ከደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ እየገዛች አንኮበር የምትቸረችር ሴት። የተዋወቁት በሐኪም ቤቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። በሰለች በዚያው በሽታ ቀደም ብላ ታክማ ለክትትል ትመላለስ ነበር።

«ወፈርሽ እኮ፣ እትዬ በሰለች!»

«የተሸከምኩትን ብርድ ልብስ አይተሽ ነው። አንቺ ግን ከንፈርሽ ደርቋል። ውሃ አትጠጪም?»

«ከጠጣሁ ሽንት ያጣድፈኛል። በየመንገዱ መኪና ላስቆም? ከትናንት ጀምሮ ጠብታ ጉሮሮዬን አላለፈም።»

«አዬ፣ እኔም እንዳንቺ ብልጥ ነበርኩ! ውሃው ባነሰ ቁጥር ሽንቱ ይብስ ያቃጥላል፣ ይብስ ያጣድፋል። ጠጪ፤ ሹፌሩንም አትፈሪው። የኔማ ለምዶ፣ ቁጥቋጦ ባየ ቁጥር 'እትዬ፣ እዚህ ይሁንልዎ?' ይለኛል።»

ሰሊሃ ሳታስበው ሳቀች። ከሳቀች ቆይታለች።

«ለመሆኑ ምን አወጣሽ ከቆላ?»

«ሌይላ ወልዳ። ሴት ልጅ።»

«እልልል! ማንን ትመስላለች ታዲያ?»

ሰሊሃ መሬት መሬት አየች። «አላየኋትም። አልገባሁም።»

«ደጃፍ ደርሰሽ?»

«ለራሷ ብዬ ነው። ማሽኑ ሊጀምር ሲል የሚሆነውን አንቺም ታውቂያለሽ። እነዚያ የተማሩ ልጆች በሙሉ ጥለውኝ ይወጣሉ፤ ያን የሚያህል ወፍራም በር ይዘጋሉ። እነሱ የሸሹትን እኔ በሆዴ ይዤ ነው የመጣሁት። ቤቴ ውስጥ ሳህኔንም ኩባያዬንም ለይቻለሁ። ታዲያ ዓይኗን ያልገለጠች ሕፃን ልታቀፍ? ወላሂ አላደርገውም!»

እንዲህ ያለው ስሕተት ከፍቅርም ይወለዳል። በሰለች ይህን ስላወቀች አልሳቀችባትም፤ ሸክሟን አውርዳ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ይሁን። ማሽኑ ሲያበቃስ ማን ገባ?»

«እነሱው ናቸዋ።»

«ምን ለብሰው?»

«ያንኑ ነጭ ካፖርት።»

«ከአልጋው ማን አወረደሽ?»

«አንዲት ቀጭን ልጅ። 'ቀስ፣ እናቴ' እያለች።» ሰሊሃ ጨመረች፤ «አንድ ቀን ሳለቅስ አቅፋኛለች።»

«ጨረሩ ውስጥሽ ቢቀር ኖሮ፣ ያቺ ልጅ በሽተኛውን ሁሉ እያቀፈች ትውላለች? ኩራዝ ሲጠፋ ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ይቀራል?»

«አይቀርም።»

«ማሽኑም ሲጠፋ እንዲያው ነው። እየበራ ሳለ የሚወጡት ዕለት ዕለት ስንቱን ሰው ስለሚያክሙ፣ ጨረሩ እንዳይደራረብባቸው ነው። ለሕክምናው ብለው በውስጥ ያስገቡልሽም የጨረር ዕቃ ያኔውኑ ወጥቷል። የቀረብሽ ቁስሉ ነው፤ ድካሙ፣ የሆዱ መላወስ፣ ሽንቱ። እሱ ደግሞ ወደ ሕፃን አይሻገርም።»

«ነግረውኝ ይሆናል እኮ። ያን ጊዜ ጆሮዬ የት ነበር!» አለች ሰሊሃ። ግን ወዲያው ፊቷ ጠቆረ። «ድካሙስ? ቁርስ በልቼ ተመልሼ እተኛለሁ። ይህ የሚድን ሰው ነው?»

«እኔ መጀመሪያ የሄድኩት እስከ ጎረቤቴ አጥር ነው። ከዚያ እስከ ምንጩ። ዛሬ ይኸው ሸክም ይዤ አቀበት እወጣለሁ። የሚጥለኝ ቀን አለ፤ ያን ቀን ያለ ሐፍረት እተኛለሁ። ደም ካየሁ ግን ዋል አደር የለም፣ ሐኪም ቤት ነው።» ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። «ከባለቤቴ ጋር መተኛትም ሕመም ሆኖብኝ ነበር። አፍሬ ደበቅሁ። ኋላ ለሐኪሟ ብነግራት 'መላ አለው' አለችኝ። አለውም።»

«አንቺ ሴትዮ! መናኸሪያ ላይ?»

«ታዲያ የት ልንገርሽ፣ ቅዳሴ ላይ?»

ሁለቱም ሳቁ። ሰሊሃ ግን የልቧን ጠየቀች፤ «ፍርሃቱስ ለቀቀሽ?»

«የት ይለቃል! ክትትሉ ሲቃረብ እንቅልፍ የለኝም። እስኪለቀኝ ብጠብቅ ቤቴ እቀር ነበር፤ ይዤው እሄዳለሁ። ስመለስ ተመስገን እላለሁ።»

ሰሊሃ ይህችን ሴት ትክ ብላ አየቻት። ተስፋ ማለት ሕመም የሌለው ሰው ሀብት ይመስላት ነበር። እዚህ ግን ተስፋ ብርድ ልብስ ተሸክሞ፣ መኪና እያስቆመ፣ እየቀለደ አጠገቧ ተቀምጧል።

«ይልቅ ሌይላ ምን የምትል ይመስልሻል?» አለች በሰለች። «አራስ ሆደ ባሻ ናት። 'ሴት ስለወለድኩ እናቴ ፊት ነሳችኝ' ብትልስ?»

«አስተግፊሩላህ!» ሰሊሃ ብድግ አለች። ይህ ጭራሽ አልታሰባትም ነበር። ሕፃኗን ልታድን ብላ እናቲቱን አቁስላ መጥታለች።

ረዳቱ «አንኮበር! አንድ ሰው!» እያለ ይጮሃል። በሰለች የውሃ ጠርሙስ አውጥታ ሰጠቻት፤ ሰሊሃም ቆማ እስከ ግማሽ ጠጣች።

ከክትትል ያልቀረ ሰው ችግሩ ሳይብስ ይደረስለታል፤ ያልገባውን የሚጠይቅ ከከንቱ ፍርሃት ይድናል፤ ከቤተሰቡ ያልራቀም ሕመሙን ብቻውን አይሸከምም። ሰሊሃ ይህን ሁሉ በቃል አልተናገረችውም፤ ጀርባዋን ለመኪናው ሰጥታ ሻሿን አስተካከለች እንጂ።

«እሺ፣ ተመልሼ እገባለሁ» አለች። «አንቺም አብረሽኝ ነይ። ለልጄ የነገርሽኝን አንቺው ንገሪያት፤ የኔ ምላስ ይያያዛል። የቀረሁበትንም ክትትል ኢንሻአላህ አብረን እንሄዳለን።»

«ሕፃኗንስ?»

«አቅፋታለሁ። ግን ተቀምጬ ነው፤ ክንዴ ገና አልጠናም።»