የሽምብራ ዓሣ

በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ከጋይንት ወደ እስቴ ተድሬ በሄድኩበት ዓመት። የባሌ አባት መሪጌታ ናቸው፤ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ እህል ጠሉ። ሁዳዴ ሲገባማ ሽሮ ባቀርብ "ጠግቤያለሁ"፣ ክክ ባቀርብ "ጠግቤያለሁ" ሆነ። ባሌ አባቱን እያየ ፊቱ ይጠቁር ጀመር። እኔም አንድ ቀን የሱፍ ፍትፍት፣ አንድ ቀን ስልጆ፣ አንድ ቀን አዚፋ እያልኩ ሞከርኩ፤ ሁሉንም ቀመስ አድርገው ይተዉታል። በኋላ እናቴ ስትሠራ ያየሁት ትዝ አለኝና የሽምብራ ዱቄት አቡክቼ በዓሣ መልክ ቆረጥኩት፤ ጭራ አወጣሁለት፣ በጥቁር አዝሙድ ዓይን ሠራሁለት። በኑግ ዘይት ጠብሼ ወጥ ውስጥ ጨመርኩና ከቅዳሴ ሲመለሱ አቀረብኩ።

መሪጌታ ትክ ብለው አዩት፤ እጃቸውንም ሰበሰቡ። "ልጄ፣ በሁዳዴ ዓሣ ልታበይኝ ነው?"

"ኧረ አባባ፣ ሽምብራ ነው!" ብዬ አንዱን ቆርሼ አሳየኋቸው።

ጎረሱና ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ጣና ዳር ቅኔ ስማር" አሉ በቀስታ፣ "ጀንበር ስትጠልቅ ዓሣው ከውሃው ሲዘል ወርቅ ይመስል ነበር። እሷንም ያየኋት እዚያ ነው፤ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ።" እኔ ሐይቅ አይቼ አላውቅም፤ ግን ቤቱ ሁሉ ቀስ እያለ በውሃ ብርሃን የተሞላ መሰለኝ። እሳቸው እያወሩ ይጎርሳሉ፤ እኛ እናያለን። ወጡ አለቀ።

"ነገስ ምን ልትሠሪልን ነው?" አሉኝ።

ባሌ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ነገ የሚል ቃል ከአባቱ አፍ ከሰማ ቆይቶ ነበር።