መንፈስ የገለጠላቸው ፊልም

አክስቴ ኦዴሳ፣ ለተንጋደደው ጽሑፌና ለፊደል ስሕተቴ ይቅርታሽን። ትምህርት ካቆምኩ ወዲህ እስክሪብቶ ብዙም አልያዝኩም። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ሜምፊስ ሞቀ? ቺካጎ በረዶው ገና አልቀለጠም፤ እማማ ግን የፋሲካ ባርኔጣዋን ላባ ከአሁኑ ቀይራለች።

የእህቴን የሉርሊንን ነገር ሰምተሻል አይደል? እዚሁ መንገዳችን ላይ በተቀረጸው ፊልም ጭፈራ ቤት ውስጥ ስትዘፍን ለአፍታ ታየች። ሰፈሩ በሙሉ ተሰልፎ ነው ያየው። ጥቁሩ ጀግና ጉቦኛውን ፖሊስ በመስኮት ሲወረውር፣ ስንት ዓመት የታፈነ ሰው አብሮ ጮኸ። ጋዜጣው ግን «ውርደት» አለው፤ ቤተ ክርስቲያናችንም አወገዘው።

አንድ የተባረኩ ሰው አሉን። ስማቸውን ልተወው፣ ትሑት ናቸው፣ መጠራት አይወዱም። እሑድ እሑድ ነጭ ጓንት አድርገው በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሰው ያስተናግዳሉ። እሳቸው ናቸው፣ «በዚያ ፊልም የታየች ልጅ የፋሲካን መዝሙር አትመራም» ያሉት። ሉርሊን ከገና ጀምራ የተለማመደችውን መዝሙር... የፊታችን እሑድ ጉባኤው እጅ አውጥቶ ይወስናል። እሷ የመዘምራን ካባዋን አጥፋ፣ እያየችው ታለቅሳለች።

ደግሞ ፊልሙን አላየሁም ብለው ማሉ። ታዲያ ሲከሷት እንደዘረዘሩት፣ ፊልሙ ላይ መኪናው ከተቃጠለ በኋላ፣ ሉርሊን አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ፣ ከከበሮ መቺው ጎን ቆማ ሁለቴ ፈገግ ማለቷን ማን ነገራቸው? መንፈስ ገልጦላቸው ነዋ። ለካ መንፈስም እንደ ሲኒማ በቀለም ነው የሚገልጠው? እኛ ተሰልፈን የምናየውን፣ እሳቸው ተንበርክከው ያዩታል...

እማማ «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ትላለች። ዳዋዋስ ትመታ፤ አይጡ ግን አፉን ጠርጎ በር ላይ ቆሟል... አይጥ ነው ያልኩት፣ አክስቴ።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም አይደል? እኔም ዝም ማለት እችልበታለሁ። ለማንም ያልነገርኩትን ግን ላንቺ ልንገርሽ። ባለፈው እሑድ ከጸሎት በኋላ፣ ሉርሊንን ለማየት ተደብቄ ሲኒማ ቤት ገብቼ ነበር። ፖሊሱ በመስኮት ሲወድቅ ከፊቴ አንድ ሰው ብድግ ብሎ አጨበጨበ። በዚያ ጨለማ የታዩኝ ሁለት ነጭ እጆች ብቻ ናቸው። ማን ይሆን፣ ጓንቱን ማውለቅ እንኳ የረሳ?

ዓይን አፋር ብሆንም፣ እሑድ በር ላይ ሲቀበሉኝ ለእኚያ ደግ ሰው በጆሯቸው ምርቃት አለኝ፦ እግዚአብሔር እጆችዎን ይባርክ፤ በጨለማ እንዳበሩ በብርሃንም ያብሩ፤ ዛሬ ለሉርሊን ከሁሉ ቀድመው የሚነሡት እነሱ ይሁኑ።