ቀጭኑ መስመርና የጋሽ ጥሩነህ ሳል

ጋሽ ጥሩነህ ቤቴል ያለው የፈቀደ ቢሮ ሲደርስ በሩ ላይ ጫማውን ሁለቴ ጠረገና ከሁሉም ራቅ ያለችውን ወንበር መርጦ ተቀመጠ።

ፈቀደ ፈቃድ ያላቸውን አዳኞች ወደ ጫካ የሚወስድ ትንሽ ድርጅት አለው። ጋሽ ጥሩነህ ከፈቀደ አባት ዘመን ጀምሮ የዚሁ ቤት ዱካ ተከታይ ነው። ዛሬ የተጠራው ለድርጅቱ ጠመንጃ አዲስ የማነጣጠሪያ መነጽር ሊታዘዝ ስለሆነ ነው፤ ደግሞም በሚመጣው ሳምንት ጉዞ ይሂድ ወይስ ቤቱ ይቀመጥ የሚለው ሊቆረጥ ነው። «አምና ሽማግሌው ስሎ ድኩላውን አስበረገገብኝ፤ እንዲያም ሆኖ በአንድ ጥይት ጣልኩት» እያለ የሚያወራ ሰው አለና።

ያ ሰው እዚያው ሶፋ ላይ እግሩን አነባብሮ የመነጽር ሥዕሎች ያሉበት መጽሔት ያገላብጣል። የፈቀደ ሚስት ወንድም ነው፤ በኢላማ ተኩስ ዋንጫ የበላ። ስሙን ጋሽ ጥሩነህ አልጠራም፤ እኛም አንጠራም። በዓመት አሥር ቃል የማይወጣው ሽማግሌ ፊቱን ወደ ፈቀደ ብቻ አዞረና ጀመረ።

«ደህና ከረምክ ልጄ? ልጅህ ርሆቦትስ ትምህርቷ እንዴት ነው? እኔማ ከቀራንዮ በእግሬ መጣሁ። የታክሲውን ሰልፍ ሳየው እግሬ ይሻላል አልኩ። መንገዱ ተቆፍሯል መቼም... የመጀመሪያውን ጉድጓድ ዘለልኩት። ሁለተኛውን ገባሁበት። ይኸው ሱሪዬን እየው! እንግዲህ ይህን ዓይን ይዤ ነው ስለ መነጽር የምጠየቀው? ሰው ምን ይላል?

»ደግሞስ እሳቸው ባሉበት እኔን ምን አስጠራህ?»

ሰውየው በልጁ ዕድሜ ነው። እስከ ትናንት «አንተ» ሲለው ኖሮ ዛሬ አንቱ ሆነ።

«ያን የሚያዩትን ሥዕል ከዚህ ሆኜ አየሁት። መሐሉ መስቀል ነው። ከሥሩ ነጠብጣብ፣ መስመር፣ ቁጥር... እየሰፋ ይወርዳል። የገና ዛፍ በለው። እንዴት ያምራል! አባትህ ለኔ የሰጠኝ መነጽር ምን ነበረው? አራት ወፍራም መስመር ከዳር ይመጣል፣ መሐል ሲደርስ ይቀጥናል። አለቀ። ፊደል ያልቆጠረ ሰው መነጽር! አመሻሽ ላይ እንኳ ወፍራሙ አይጠፋም፤ እንደኔ ድርቅ ያለ ነገር ነው።

»እሳቸው ግን የተማሩ ናቸው። የኢላማው ካርቶን ሦስት መቶ ሜትር ላይ ይቆማል። ነፋሱን ይለካሉ፣ የቱ ነጥብ ላይ እንደሚይዙ ያውቃሉ፣ ጧ! መሐሉን። እጃቸው ይባረክ፤ ከልቤ ነው። ካርቶን ደግሞ ጨዋ ነው፤ አስልተው እስኪጨርሱ ይጠብቃል። ድኩላ ነው ባለጌው። ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ፣ ጎኑን ለአንድ አፍታ አሳይቶ... ምን ዓይነት አስተዳደግ ነው?

»አምናም ቢሆን ጥፋቱ የኔ ነው። ሳልኩ። እንዴት ያለ ሳል መሰለህ! ፀሐይ ጠልቃ ጫካው ሲደበዝዝ ሳልኩና የዚያ ባለዛፍ መነጽራቸው መስመር ቀጠነ። እርግጥ እሳቸው ቅርብ ነው ብለው ማጉያውን ቀንሰውት ነበር። ያ መነጽር ሲያሳንሱት መስመሩም አብሮ ያንሳል አሉ፤ የሸረሪት ድር ያክላል። ግን እሱ አይደለም። ያቀጠነው ሳሌ ነው። ጥይቱንም ከድኩላው ትከሻ ገፍቶ ሆዱ ላይ ያሳረፈው ሳሌ ነው። የሚገርምህ... የሳልኩት ከተኩሱ በኋላ ነበር። ወደ ኋላ የሚሠራ ሳል! ሐኪም ሊያየው አይገባም ትላለህ?»

ሶፋው ላይ ገጽ መገለጡ ቆመ። ጋሽ ጥሩነህ ወደዚያ አላየም።

«ከዚያ እሳቸው ደከማቸው። ልክ ነው፤ ስሌት ያደክማል። ወደ ድንኳኑ ተመለሱ። እኔ ስሌት ስለማላውቅ ምን ያደክመኛል? ደሙን ተከተልኩ። በማግስቱም ተከተልኩ። ጉልበቴ ሲያልቅ በዳዴ ሄድኩ፤ ብታየኝ ትስቅ ነበር። አንዴማ ሙሉ ሰዓት የገዛ ራሴን ኮቴ ተከትዬ ራሴን አገኘሁት! እንዲህ ያለ ዱካ ተከታይ ነው ያለህ።

»በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወንዝ ዳር ተኝቶ አገኘሁት። አልሞተም። አየኝ... የአባትህ ጠመንጃ ትከሻዬ ላይ ነበር።

»ተወው። ቀንዱ ዛሬ እሳቸው ሳሎን ተሰቅሏል፤ ግድግዳውን እንዴት አሳምሮታል! እንደምታውቀው በኛ ልማድ ገዳይ የሚባለው መጀመሪያ ያደማው ነው። ዱካ ተከታይ የጨረሰውን አይቆጥርም፣ አያወራም። ታዲያ እኔ አወራሁ? ዓመት ሙሉ ትንፍሽ ብያለሁ? ሳል ብቻ ነው ያመለጠኝ።

»ስለዚህ ልጄ፣ የወደዱትን እዘዝላቸው። ዛፉን እዘዝላቸው። እኔ ቤት ልቀመጥ፤ ለባለቤቴ ለወለተጻድቅ ሽንኩርት እልጥላታለሁ። እሱንም ወፍራም ነው የምትከትፈው እያለች ትቆጣኛለች። ጫካ ውስጥ ደሙን ማን ይከተላል ብለህ አትጨነቅ። እሳቸው ካሉ ደም የት ይመጣል? በአንድ ጥይት አይደል የሚጥሉት?»

ተነሣ። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ፣ አሁንም ወደ ፈቀደ ብቻ እያየ፣ ድምፁን ለምርቃት ዝቅ አደረገ።

«እግዜር ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። ቤታቸውን ይባርክ። ዋንጫው ይብዛላቸው። በሄዱበት ሁሉ ከኋላቸው የሚመጣ ደግ ሰው አያሳጣቸው፤ የጀመሩትን የሚጨርስላቸው፣ ጨርሶም ‹እሳቸው ናቸው› የሚልላቸው...

»አሜን በል እንጂ፣ ልጄ።»