የሚርላንድ ተራ

(ማለዳ ነው። በአንዲት የሜክሲኮ የድንበር ከተማ፣ በስደተኞች መጠለያ ግቢ ውስጥ፣ ከሄይቲ የመጣችው ዮሌት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ለሆነችው ታናሽ እህቷ ለሚርላንድ ሹሩባ እየሠራች ነው።)

ሚርላንድ፦ ቀስ በይ እንጂ፣ እታለም! ጸጉሬን ነው የምትሠሪው ወይስ ቆዳዬን ነው የምትገፍፊው?

ዮሌት፦ ዛሬ ድንበር የሚሻገር ሰው ይህችን ካልቻለ ምኑን ሊችል ነው?

ሚርላንድ፦ ከትናንት ጀምሮ እንደ ሚጥሚጣ ታቃጥያለሽ። ምን አድርጌሽ ነው?

ዮሌት፦ ምን ታደርጊኛለሽ! እኔ አሥራ አንድ ወር ሙሉ እዚህ ድንበሩ በር ላይ ተራ ይዤ ስገተር፣ አንቺ በመጣሽ በሦስት ወርሽ ለመሻገር ስምሽ ወጣ። «ቀድሞ የበቀለን ጆሮ ኋላ የበቀለ ቀንድ በለጠው» አሉ!

ሚርላንድ፦ እርጉዝ ይቅደም ያሉት መዝጋቢዎቹ ናቸው። እኔ ነኝ ሕጉን ያወጣሁት?

ዮሌት፦ አንቺማ መቼ ለምነሽ ታውቂያለሽ! እናታችን ቤትም ሥጋው ወዳንቺ ሳህን በራሱ እግር ነበር የሚሄደው።

ሚርላንድ፦ ተሻግሬ እጠራሽ የለ እንዴ?

ዮሌት፦ እሱ አይደል የሚያንገበግበኝ! በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኳት ልጅ፣ እሷ ጠሪ፣ እኔ ተጠሪ!

ሚርላንድ፦ እታለም... ሹሩባውን ለምን አቆምሽ?

ዮሌት፦ ትናንት አንቺ ገበያ ሳለሽ፣ ስም የምትመዘግበው ሴትዮ መጥታ ነበር። «ሚርላንድ ለነገ ዝግጁ ናት?» አለችኝ።

ሚርላንድ፦ እሺ?

ዮሌት፦ «ተስፋ ቆርጣ ወደ አገሯ ተመለሰች» አልኳት።

ሚርላንድ፦ ቀልድሽን ነው አይደል?

ዮሌት፦ ምነው ቀልድ በሆነ።

ሚርላንድ፦ ታዲያ ተራዬን ለማን ሰጠችው?

ዮሌት፦ ለተከታይዋ... ለእኔ።

ሚርላንድ፦ ላንቺ! እና አሁን ቁጭ ብለሽ ሹሩባ ትሠሪኛለሽ?

ዮሌት፦ ስሜን ስትጽፈው እልል የምል መስሎኝ ነበር። ግን ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርኩ። ሂጂ፣ ሳይረፍድ «እህቴ ዋሽታለች» በያቸው።

ሚርላንድ፦ እንደዚያ ካልኩ አንቺን ለዘለዓለሙ ይሰርዙሻል።

ዮሌት፦ አውቃለሁ።

ሚርላንድ፦ በሩ የሚከፈተው በአራት ሰዓት ነው። ተነሺ፣ አብረን እንሂድ።

ዮሌት፦ ሄደን ምን ልትያቸው ነው?

ሚርላንድ፦ እኔማ ምንም አልልም። እውነቱንም ሆነ ውሸቱን የምትናገሪው አንቺ ነሽ።