ሙሽራ በቤቷ ስትለካ

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ካምፓላ ውስጥ ከሜንጎ ኮረብታ ቁልቁል ስወርድ፣ ጎረቤቴን ሐጂ አብዱልወሀብን ክዳን ያለው ቅርጫት ታቅፈው ቦዳ ከሚሉት የኪራይ ሞተር ሳይክል ነጂ ጋር ሲከራከሩ አገኘኋቸው። ሐጂ የወሎ ሰው ናቸው፤ ኦዊኖ ገበያ ልብስ ሲሸጡ ነው የኖሩት። ቅርጫቱ ውስጥ ያለችው የባለቤታቸው የወይዘሮ ራሂማ ድመት፣ ሙሽራ የምትባለው፣ የስኳር በሽታ ያለባት ነበረች።

«ምነው ሐጂ፣ በደህና ነው?» አልኳቸው።

«ምን ደህና አለ፣ መምህር! ከነጋ ትንገዳገዳለች። ስኳሯ ብሶባት ነው፤ መድኃኒቱን ጨምርላት ልለው ዶክተሩ ዘንድ እየወሰድኳት ነው። ራሂማ እህቷን ልታስታምም ደሴ ስትሄድ አማና ብላ ነው የሰጠችኝ። ብትሞትብኝ በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

ይህን ሲሉ የወንድማቸው ልጅ ተስኒም ከግቢው እየሮጠች ወጣች። እዚሁ ካምፓላ የእንስሳት ሕክምና የምትማር፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ የምትከራከር ልጅ ናት።

«አጎቴ፣ እባክዎ አይውሰዷት። መጀመሪያ ቤት እንለካት።»

«ልጄ፣ ይህቺ የብርጭቆ ድምፅ የሚያስበረግጋት ድመት ናት። አንቺ ደግሞ ጆሮዋን ልውጋ ትያለሽ! መውጋት የዶክተር ሥራ ነው።»

«እርስዎስ በየቀኑ ኢንሱሊን ይወጓት የለ?»

እኔ ሳቄን ዋጥ አደረግሁ።

«ደንጋጣ ስለሆነች እኮ ነው ቤት መለካት ያለባት» ስትል ቀጠለች። «በቅርጫት ታፍና፣ በቦዳ ተንጣ፣ የውሻ ጩኸት እየሰማች ክሊኒክ ስትደርስ ከፍርሃት የተነሳ ብቻ ስኳሯ ከፍ ይላል። እዚያ የሚታየው ቁጥር ቤት ውስጥ እንዴት እንደምትውል አይናገርም።»

«ታዲያ ዶክተሩ ይህን አያውቅም?»

«ያውቃል እንጂ! የደም ስኳር መለኪያውን የሰጠዎት ለዚህ አይደል? ባለፈው መድኃኒቱን ከመጨመሩ በፊት ‹ቤት ስትለኳትስ ከፍ ይላል?› ብሎ አልጠየቀዎትም?»

«ጠይቆኛል።»

«ምን አሉት?»

ሐጂ ቅርጫቱን ከአንዱ ክንዳቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። «‹አዎ፣ ቤትም እንደዚሁ ነው› አልኩት። ሰውየው በደግነት ዕቃውን ሰጥቶኝ ‹ከካርቶኑ አላወጣሁትም› ልበለው? ነውር አይሆንም?»

ይሉኝታችን እዚህ ድረስ ይሄዳል። እንግዳ ስንቀበል ያምርብናል፤ ሐኪም ፊት ግን ጠላታችን ነው። ሐኪሙን ላለማስቀየም ስንቱ ያልዋጠውን ክኒን «ውጫለሁ» እያለ ይመለሳል! እኔ ተናደድሁ፤ ተስኒም ግን አልተቆጣችም።

«አጎቴ፣ ስኳር ሲያንስም መንገዳገድ ይመጣል። አንሶባት ከሆነና ኢንሱሊን ከተጨመረላት ትሞታለች።»

ሐጂ ቦዳውን አሰናበቱ።

ሳሎን ገብተን ቅርጫቱ ሲከፈት ሙሽራ እየተንገዳገደች ሶፋው ሥር ገባች። ተስኒም አላሳደደቻትም፤ አጠገቧ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።

«እግሯን ልያዝልሽ?» አሉ ሐጂ።

«አይያዟት። የሚያስፈራት መያዙ ነው።»

ለካ ልጅቱ መነካቱን እንድትለምደው ሰሞኑን ሁሉ የሙሽራን ጆሮ እየዳበሰች የተቀቀለ ዶሮ ስታጎርሳት ኖራለች። አሁንም ቁራሽ ዶሮ ከፊቷ አስቀምጣ፣ ለብ ባለ ውኃ የነከረችውን ጨርቅ ጨምቃ ጆሮዋ ላይ አቆየችው፤ ቀጥላ ጠርዙን በቀጭኗ መርፌ ነካ አደረገችው። የጤፍ ፍሬ የምታህል ደም ብቅ አለች። ሙሽራ ጆሮዋን አራገፈችና ዶሮዋን በላች። ተስኒምን በጣም አደነቅኋት፤ እጇም ልቧም የረጋ ነው።

መለኪያውን አይታ ግን ፊቷ ተለወጠ። «በጣም ዝቅ ብሏል» አለችና ሳትዘገይ የሙሽራን ምግብ አቀረበች። ድመቷ መብላት ስትጀምር ወደ አጎቷ ዞረች። «አሁን ለዶክተሩ ይደውሉ።»

«አንቺ ደውይለት።»

«‹ቤትም እንደዚሁ ነው› ያልኩት እኔ አይደለሁማ።»

ሐጂ ላባቸውን ጠረጉና ደወሉ። «ዶክተር» አሉ በዚያ በገበያ እንግሊዝኛቸው፤ «ያን ጊዜ የነገርኩህ እውነት አይደለም። አንድም ቀን ለክቼ አላውቅም። አሁን ግን ለክተናታል፤ ዝቅ ብሏል።»

ዶክተሩ አመሰገናቸው። የዚያን ሰዓት መርፌ አስቀረ፤ የሚቀጥለውንም መጠን ቀነሰ፤ ድመቷ እስክትጠነክር እንዳይለዩዋትም አዘዘ። ሐጂ ስልኩን ሲዘጉ አንዳች ሸክም ከላያቸው የወረደ ይመስሉ ነበር።

ከዚያ ወዲህ መርፌ ከመውጋታቸው በፊት ራሳቸው ይለካሉ። ቁጥሩን ለዶክተሩ ይልካሉ እንጂ መጠኑን በገዛ እጃቸው አይነኩም። ሙሽራ መንገዳገዷን ትታለች፤ ሥጋዋም ተመልሷል። የመለኪያው ቦርሳ ሲከፈት ዶሮ መኖሩን ስለምታውቅ ራሷ ትመጣለች። ቤት የሚለካ ሰው የሚያገኘው ይህንን ነው፤ እንስሳው አይሸበርም፣ ሐኪሙ እውነቱን ያውቃል፣ አደጋውም ሳይደርስ ይታያል።

ወይዘሮ ራሂማ ከደሴ የተመለሱ ዕለት እኔም እንኳን ደህና መጡ ልል ሄጄ ነበር። ገና ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ «ሙሽራዬ እንዴት ናት?» አሉ።

ሐጂ «ደህና...» ብለው ጀመሩና ቃሉን መልሰው ዋጡት።

«አረፍ በይማ፣ ራሂማ» አሉ የመለኪያውን ቦርሳ እያነሱ፤ «ለክቼ ልንገርሽ።»